የብድር ተዓማኒነት፦ የካሊፎርኒያ ከተሞች ሲበደሩና ሲከስሩ

ኦሬንጅ ካውንቲ ድሃ ሆኖ አያውቅም። ከሎስ አንጀለስ በስተ ደቡብ በውቅያኖስ ዳር የተንጣለለ፣ ዲዝኒላንድ ያለበት፣ ቤቶቹ ውድ፣ ነዋሪዎቹም በአብዛኛው የደላቸው አውራጃ ነው። ይህ አውራጃ ዲሴምበር 6 ቀን 1994 ዕዳውን መክፈል እንዳቃተው ለፍርድ ቤት አመልክቶ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የአውራጃው ገንዘብ ያዥ ሮበርት ሲትሮን ወደ 200 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች፣ ከተሞችና የውሃ ድርጅቶች በእጁ ያስቀመጡትን ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይዞ ነበር። በላዩ ላይ ከዚያ የሚበልጥ ብድር ጨምሮ ሁሉንም በአንድ ግምት ላይ ጫነው፤ ወለድ ዝቅ እንዳለ ይቆያል በሚል ግምት። በ1994 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን ደጋግሞ ሲያንረው 1.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ቀለጠ።

ገንዘብ መጥፋቱ ብቻውን አበዳሪዎችን ያን ያህል ባላስደነገጠ። ያስደነገጣቸው በሰባተኛው ወር ላይ የሆነው ነው። በጁን 1995 ጉድጓዱን ለመሙላት የሽያጭ ታክስ በግማሽ ሳንቲም፣ ማለትም በየዶላሩ ግማሽ ሳንቲም፣ ይጨመር ተብሎ ለመራጩ ሕዝብ ቀረበ። ሕዝቡም በሰፊ ልዩነት እምቢ አለ። ገንዘቡ ነበር፤ ዕዳው የኛ አይደለም አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ አበዳሪ ለካሊፎርኒያ ከተማ ሲያበድር «ይችላል ወይ?» ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ «ይፈልጋል ወይ?» ብሎም ይጠይቃል።

ለእነዚህ ለሁለቱ ጥያቄዎች መልስ በአንድነት የሚሰጠውን ነገር በአማርኛ «የብድር ተዓማኒነት» እንበለው። ትርጉሙም፦ አንድ ተበዳሪ የወሰደውን በተባለው ቀን፣ በተባለው መጠን፣ ያለ ንዝንዝ ይመልሳል ተብሎ የሚታመንበት ልክ ነው። በባንኮቻችን አካባቢ «የመበደር አቅም» እና «የብድር ብቁነት» የሚሉ አጠራሮች ይሰማሉ። ሁለቱም መጥፎ አይደሉም፤ ግን ሁለቱም ወደ አቅም ያደላሉ። ዕቁብ የጠጣ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ዳኛው ዕጣ ቀድሞ የወጣለትን ሰው ዋስ ጥራ የሚለው ደመወዙን ስለማያውቅ አይደለም፤ ከወሰደ በኋላ መምጣቱን ስለማያውቅ ነው።

ከዚህ ቃል ጋር የሚምታታው «የብድር ደረጃ» ነው። ተዓማኒነት የተበዳሪው ጠባይና ይዞታ ነው፤ ደረጃ ደግሞ ስለዚያ ጠባይ ሌላ ሰው የሰጠው ግምት ነው። ሙዲስ፣ ኤስ ኤንድ ፒ እና ፊች የሚባሉት ድርጅቶች ከሦስት «ኤ» ጀምረው ወደ ታች በፊደላት ደረጃ ያወጣሉ። ፊደሉ ከፍ ሲል ወለዱ ይቀንሳል፤ ዝቅ ሲል ግብር ከፋዩ ልዩነቱን ለሠላሳ ዓመት ይከፍላል። ኦሬንጅ ካውንቲ እስከሚወድቅበት ሰሞን ድረስ ከፍ ያለ ደረጃ ነበረው። ስለዚህ ደረጃውን እንደ ሐኪም ማስረጃ ማየት አያዋጣም።

የአማርኛ ዜና አንባቢ ከእነዚህ ድርጅቶች ስም ጋር በደንብ የተዋወቀው በዲሴምበር 2023 ይመስለኛል። ኢትዮጵያ በ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንዷ ላይ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች፤ መንግሥት የሰጠው ምክንያትም አበዳሪዎችን ሁሉ እኩል ለማስተናገድ ነው የሚል ነበር። ይኸው ምክንያት የአቅም ሳይሆን የውሳኔ ጉዳይ መሆኑ ነው ለቃላችን የሚጠቅመን። ፊች ግን ደረጃውን ከማውረድ አልተመለሰም።

ወደ ካሊፎርኒያ እንመለስ። ግዛቱ 58 አውራጃዎችና ከ480 በላይ ከተሞች አሉት። ከተማ ድልድይ፣ ቧንቧ ወይም የፖሊስ ጣቢያ ሲያሠራ ብዙውን ጊዜ ቦንድ ይሸጣል። ከቦንዱ የሚገኘው ወለድ ከፌዴራል የገቢ ግብር ነፃ በመሆኑ ገዢው አነስ ያለ ወለድ ይቀበላል፤ ከተማው በርካሽ የሚበደርበት ምስጢር ይኸው ነው። ቦንዱም አንድ ዓይነት አይደለም። በውሃ ሂሳብ የሚከፈል አለ፤ በንብረት ግብር የሚከፈልና ሁለት ሦስተኛ መራጭ ካልፈቀደው የማይሸጥ አለ፤ መራጭ ሳይጠየቅ የከተማውን ሕንፃ በማከራየት ስም የሚወሰድም አለ። የመጨረሻው ዓይነት ከሌሎቹ የባሰ ችግር ያመጣል፤ ሕዝቡ ያልፈረመበት ዕዳ ሲከብድ ሕዝቡ አይከላከልለትምና።

መራጩ እንዲህ ሁሉ ነገር ላይ የሚገባው ለምንድን ነው? ሥሩ ጁን 6 ቀን 1978 የጸደቀው «ፕሮፖዚሽን 13» ነው። በሰባዎቹ ዓመታት የቤት ዋጋ ሲንር የንብረት ግብሩም አብሮ ናረ፤ ጡረታ የወጡ ሰዎች ከገዛ ቤታቸው በግብር ሊባረሩ ነው የሚል ቁጣ ተነሳ። ከመራጩ ወደ 65 በመቶ የሚጠጋው ደግፎ ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ። ከዚያ ወዲህ፣ መራጩ ለቦንድ ከሚፈቅደው ጭማሪ በቀር፣ ግብሩ ከቤቱ ግምት 1 በመቶ አይበልጥም፤ ግምቱም ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አያድግም። ሲሸጥ ግን በገበያ ዋጋው እንደ አዲስ ይገመታል። የአካባቢ መንግሥታት የንብረት ግብር ገቢ በአንድ ጊዜ ከግማሽ በላይ ወደቀ።

ውጤቱ በየመንደሩ ይታያል። በአንድ ጎዳና ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቤቶች፣ አንዱ በ1975 የተገዛ፣ አንዱ አምና፣ የሚከፍሉት ግብር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ ሎስ አንጀለስ ወይም ኦክላንድ በቅርቡ ቤት የገዛ ሐበሻ ይህን በራሱ ደረሰኝ አይቶታል። ባለሀብቱ ዋረን ባፌት በ2003 የራሱን ምሳሌ በይፋ ተናግሮ ነበር፦ ነብራስካ ውስጥ ላለው የ500 ሺህ ዶላር ቤት በዓመት ከ14 ሺህ ዶላር በላይ ሲከፍል፣ በዚያው በኦሬንጅ ካውንቲ ላለው የ4 ሚሊዮን ዶላር ቤት የሚከፍለው ከ2,300 ዶላር በታች ነበር። ፍትሕ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ይቆየን። ለብድር ተዓማኒነት ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ የካሊፎርኒያ ከተማ ምክር ቤት ሲቸገር ግብር ለመጨመር እጁ የታሰረ ነው። በ1996 የመጣው «ፕሮፖዚሽን 218» ደግሞ ቋጠሮውን ይበልጥ አጠበቀው።

እጁ የታሰረ ከተማ ሌላ በር ይፈልጋል። አንዱ በር የሽያጭ ታክስ ነው፤ ስለዚህ የካሊፎርኒያ ከንቲባዎች የመኪና መሸጫና ትልልቅ የገበያ አዳራሽ ለመሳብ ይሻማሉ፤ መኖሪያ ቤት ግን ወጪ ብቻ ይመስላቸዋል። ሌላው በር ለነገ መቅጠር ነው። ዛሬ ደመወዝ መጨመር ባይቻል ጡረታን ማሳመር ይቻላል፤ ሂሳቡ የሚመጣው ከንቲባው ከወረደ በኋላ ነዋ!

ስቶክተን በሁለቱም በሮች የገባች ከተማ ናት። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ምሥራቅ፣ በሳን ዋኪን ሸለቆ፣ ከ300 ሺህ በላይ ሕዝብ ያላት የወደብና የእርሻ ከተማ ነች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ባሉ ከተሞች ቤት መግዛት ያቃታቸው ሰዎች ወደ እሷ ሲጎርፉ ዋጋው ሰማይ ነካ፤ ግብሩም ጎረፈ። ከተማዋ በወንዝ ዳር የስፖርት አዳራሽ፣ የቤዝቦል ሜዳና የጀልባ ማቆሚያ ሠራች፤ ለአዲስ ማዘጋጃ ቤት ብላ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ገዛች። ለጡረተኛ ሠራተኞቿም ከነትዳር ጓደኛቸው ዕድሜ ልክ ነፃ ሕክምና ቃል ገብታ ነበር፤ ለዚህ ግን የተቀመጠ ገንዘብ አልነበረም። በ2007 ደግሞ በሊማን ብራዘርስ በኩል የ125 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠች። ገንዘቡን «ካልፐርስ» ለሚባለው የግዛቱ የጡረታ ፈንድ አስረክባ፣ ፈንዱ ከምትከፍለው ወለድ በላይ ያተርፍልኛል ብላ ገመተች። የሲትሮን ግምት ታናሽ ወንድም ነው ቢባል አያስኬድም ትላላችሁ?

በ2008 የቤት ዋጋ ሲናድ በሐራጅ በሚሸጡ ቤቶች ብዛት ስቶክተን ከአገሪቱ ቀዳሚዎች መካከል ሆነች። ካልፐርስ ራሱ በ2009 በተዘጋው የበጀት ዓመት ከሀብቱ ሩብ ያህሉን አጣ፤ ቦንዱ ግን ያው 125 ሚሊዮን ነበር። ምክር ቤቱ ከፖሊሶቹ ሩብ ያህሉን ቀነሰ። ወንጀል ጨመረ፤ በ2012 71 ሰው ተገደለ፤ ለከተማዋ ያልታየ ቁጥር ነው። ለማዘጋጃ ቤት የታሰበውን ሕንፃ አንድ ባንክ ወረሰው። ጁን 28 ቀን 2012 ስቶክተን ኪሳራ አወጀች፤ እስከዚያ ድረስ በሕዝብ ብዛት ትልቋ የከሰረች የአሜሪካ ከተማ ነበረች። በዓመቱ ዲትሮይት በለጠቻት።

ከተማ ሲከስር እንደ ኩባንያ አይፈርስም። በፌዴራሉ የኪሳራ ሕግ «ምዕራፍ 9» መሠረት ዳኛው ከተማውን ግብር ጨምር ወይም መናፈሻህን ሽጥ ብሎ ሊያዘው አይችልም። ውሃው ይፈሳል፣ እሳት አደጋው ይንቀሳቀሳል። የሚደረገው ድርድር ማን ምን ያህል ይጎዳል የሚለው ነው። በስቶክተን ጡረተኞቹ ነፃ ሕክምናቸውን አጡ፤ ወርኃዊ ጡረታቸው ግን አልተነካም። ዳኛ ክሪስቶፈር ክላይን በኦክቶበር 2014 ጡረታም ቢሆን በሕግ ሊቀነስ ይችላል ብለው ወሰኑ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ ጡረታን የማይነካውን የከተማዋን ዕቅድ አጸደቁ። ፍራንክሊን የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት ካበደረው 35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያገኘው ጥቂቱን ብቻ ነው። መራጮቹ ግን፣ ከኦሬንጅ ካውንቲ በተቃራኒ፣ በኖቬምበር 2013 የሽያጭ ታክስ ጭማሪውን ተቀብለው ነበር። ድሆቹ ከፈሉ።

ሳን በርናርዲኖም በኦገስት 2012 ተከተለች። ለካልፐርስ መክፈል ለአንድ ዓመት ያህል አቆመች፤ በኋላ ግን ፈንዱን ሙሉ በሙሉ ከፈለች። በጡረታ ቦንዷ ያበደሯት ግን ከመቶው አርባውን ነው ያገኙት። ከእነዚህ ሁሉ የቀደመችው ቫሌሆ ናት፤ የማሬ አይላንድ የባሕር ኃይል መርከብ ማደሻ በ1996 ሲዘጋ ዋና እንጀራዋን አጥታ፣ ከበጀቷ ሦስት አራተኛ ያህሉን ለፖሊስና ለእሳት አደጋ እያወጣች በሜይ 2008 ከሰረች።

አበዳሪዎች ከዚህ የተረዱት ቀጥ ያለ ነገር ነው። በካሊፎርኒያ ጡረተኛውና ቦንድ ገዢው በአንድ መስመር ቢቆሙ ጡረተኛው ይቀድማል። ስለዚህ ዛሬ የአንድን ከተማ የብድር ተዓማኒነት የሚመረምር ሰው ከቦንዱ ዕዳ በፊት የጡረታውን ቀዳዳ ያያል። እኔም የከተማ ሂሳብ ሳነብ መጀመሪያ የምገልጠው ያንን ገጽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ አካባቢ፣ ደቃቅ ፊደል ላይ ነው የሚገኘው።

የግዛቱ ኦዲተር መሥሪያ ቤትም በ2019 ተመሳሳይ ሥራ ጀመረ። ከ470 በላይ ከተሞችን በአሥር መለኪያዎች መዝኖ ከመቶ ነጥብ ሰጣቸው፤ ውጤቱንም ለማንኛውም ሰው በይፋ ዘረጋው። ከአሥሩ ስድስቱ ስለ ጡረታና ስለ ጡረተኞች ሕክምና ናቸው። የቀሩት በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ፣ የዕዳ ጫና፣ የመጠባበቂያ መጠንና የገቢ አዝማሚያ ናቸው። በመጀመሪያው ዝርዝር ላይ ለአደጋ እጅግ የተጋለጠች ተብላ የተቀመጠችው ኮምፕተን ነበረች። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይገባል፤ ዝቅተኛ ነጥብ ኪሳራ ማለት አይደለም፤ አንዳንድ ባለ ዝቅተኛ ነጥብ ከተማ ቦንዱን አንድ ቀን ሳያዛንፍ ሲከፍል ኖሯል። ኦዲተሩ የሚለካው በአብዛኛው አቅምን ነው፤ ፈቃደኝነትን የሚለካ ዓምድ ሰንጠረዡ ላይ የለም፤ ያ የሚታወቀው በምርጫ ሣጥን ብቻ ነው። ኦዲተሩ ከተማውን ከባድ አደጋ ላይ ያለ ብሎ ከመደበው ከተማው የማስተካከያ ዕቅድ አውጥቶ በየስድስት ወሩ ሪፖርት ያቀርባል።