አስፋልት ላይ የተተከለው የድመት ዓይን

ማታ መኪና የምትነዱ ወዳጆቼ፣ ይቺን ታሪክ አንብቧት። ተማሪዎቼ የነበራችሁ ደግሞ አትፍሩ፣ ፈተና ላይ አትመጣም። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።)

እንግሊዝ አገር፣ ሃሊፋክስ ውስጥ ፐርሲ ሾው የሚባል መንገድ ጠጋኝ ነበር። ማታ ሲነዳ መንገዱን የሚያሳየው የመኪናው መብራት ያረፈበት የትራም ሐዲድ ነበር ይባላል። ሐዲዱ ሲነሳ ግን ጨለማ ዋጠው። ከዚያ አንድ ሌሊት የድመት ዓይን ሲያበራ አየ። ሰውዬው ራሱ ታሪኩን እየለዋወጠ ነበር የሚያወራው፤ ብቻ በ1934 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ።

እኔን የሚገርመኝ አሠራሩ ነው። የብረት ማቀፊያ ውስጥ ላስቲክ አለ፣ ላስቲኩ ላይ ደግሞ የመስታወት ፍሬዎች። የመኪና ጎማ ሲረግጠው መስታወቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በላስቲኩ ይጠረጋል። ሲዘንብ ብረቱ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ያጥበዋል። ባትሪ የለው፣ ሽቦ የለው! ራሱን በራሱ የሚያጥብ ዓይን በሉት።

መጀመሪያ ላይ ገበያው ቀዝቃዛ ነበር። ሴፕቴምበር 1939 ላይ ግን የጀርመን አውሮፕላን እንዳያይ ተብሎ የአገሩ መብራት ሁሉ ጠፋ፤ የመኪና መብራትም ተሸፈነ። በ1938 በመንገድ አደጋ የሞተው 6,648 ሰው ነበር፤ በ1941 ቁጥሩ 9,169 ደረሰ። ቤንዚን በራሽን ሆኖ እኮ ነው! ቦምብ ሳይነካው ጨለማ ውስጥ ተገጭቶ የቀረው ስንቱ ነው። ያኔ የሾው ፈጠራ በደንብ ተፈለገች።

ሾው ሀብታም ሆነ፤ በ1976 እስኪሞት ግን ኑሮውን አልቀየረም። ቤቱ ውስጥ መጋረጃ እንኳን አልነበረም፣ እይታ ይከልላል ብሎ።