የአምፕሊፋየር መግለጫ ወረቀት እንደ ታሪክ ሰነድ፦ ቁጥሮቹ ከየት መጡ?



የዛሬው ርዕሴ ለታሪክ መምህር እንግዳ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ከፍተኛ ደረጃ ያለው የድምፅ አምፕሊፋየር ለመግዛት የተነሣ ሰው በቅድሚያ እጁ የሚገባው የመግለጫ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ ዋት፣ ኦም፣ ሄርዝና የመዛባት መቶኛ ተደርድረዋል። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ ትልቁን ዋትና ትንሹን መቶኛ መርጦ የብዙ ወር ደመወዙን ይከፍላል። ይህ ወረቀት እንደ ማንኛውም ሰነድ ሊመረመር ይገባዋል እላለሁ፤ ማን ጻፈው? በምን ሁኔታ ተለካ? ምን ሳይናገር አለፈ? እያንዳንዱ ቁጥር የአንድ አሮጌ ክርክር ቅሪት ነውና፣ ክርክሩን የሚያውቅ ሰው የቁጥሩን ጥቅምም ወሰኑንም ያውቃል።

አስቀድሜ ሁለት ማሳሰቢያ ላቅርብ። በአማርኛ «የድምፅ ማጉያ» ስንል አምፕሊፋየሩንም ስፒከሩንም እንጠራበታለን፤ በየሠርጉና በየአዳራሹ ደግሞ የአንድ የኢጣልያ ድርጅት ስም የሆነው «ሞንታርቦ» የትልቁ ስፒከር መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። እኔ አምፕሊፋየር የምለው ደካማውን የኤሌክትሪክ ምልክት ስፒከሩን ለማንቀሳቀስ እስኪበቃ ድረስ የሚያጎለብተውን መሣሪያ ብቻ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን የምጀምረው ከስልክ መስመር ነው። በ1920ዎቹ የአሜሪካ የስልክ መሐንዲሶች የሰውን ንግግር ከአህጉሩ ዳር እስከ ዳር ለማድረስ በመንገዱ ላይ ብዙ አምፕሊፋየሮችን በተከታታይ መትከል ነበረባቸው። እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ሲያዛባ፣ ድምሩ ንግግሩን ያበላሸዋል። የቤል ላብራቶሪ ባልደረባ የነበረው ሃሮልድ ብላክ ኦገስት 2 ቀን 1927 ወደ ሥራው ለመሄድ በጀልባ የሃድሰንን ወንዝ ሲሻገር መፍትሔው ታየውና በያዘው ጋዜጣ ገጽ ላይ ነደፈው። አሳቡ ከአምፕሊፋየሩ ከሚወጣው ምልክት ጥቂቱን ገልብጦ ወደ መግቢያው መመለስ ነው፤ የወጣው ከገባው ጋር ሲነጻጸር ስሕተቱ ይገለጣል፣ መሣሪያውም ራሱን ያርማል። ይህንንም አሉታዊ ግብረ መልስ እንለዋለን። ዋጋው ግን ከባድ ነበር፤ ከማጉላት አቅሙ አብዛኛው ይሠዋል። ለማጉላት የተሠራን መሣሪያ የማጉላት አቅሙን መቀነስ ለብዙዎች ስላልተዋጠላቸው፣ በ1928 የቀረበው የፈጠራ መብት ጥያቄ የጸደቀው በ1937 ነው። ዛሬ በወረቀቱ ላይ የምናያቸው እጅግ ጥቃቅን የመዛባት መቶኛዎች የዚህ አሳብ ፍሬዎች ናቸው።

አሳቡ ከስልክ መስመር ወደ ሙዚቃ አድማጮች ቤት በሰፊው እንዲገባ ካደረጉት ሥራዎች አንዱ የዲ. ቲ. ኤን. ዊልያምሰን ንድፍ ነው። ብሪታንያዊው መሐንዲስ በ1947 ዋየርለስ ወርልድ በተባለው የለንደን መጽሔት ላይ፣ 15 ዋት የሚሰጥና መዛባቱ ከ0.1 ከመቶ የማይበልጥ ባለቫኪዩም ቲዩብ አምፕሊፋየር አሳተመ። ንድፉ በይፋ ስለወጣ በብዙ አገር ያሉ ሰዎች በገዛ እጃቸው ሠሩት። ከዚያ ወዲህ 0.1 ከመቶ የጥራት ደፍ ተደርጎ ይቆጠር ጀመር።

ይሁን እንጂ ያው ቁጥር ብዙም ሳይቆይ አድማጭን አሳሳተ። ትራንዚስተር ቲዩብን ሲተካ፣ በብዙዎቹ ንድፎች አንዱ ትራንዚስተር የምልክቱን የላይኛውን ግማሽ፣ ሌላው የታችኛውን ግማሽ ይሸከም ነበር። ሁለቱ በሚረካከቡበት ቅጽበት ትንሽ እንከን ትፈጠራለች። ድምፁ ከፍ ሲል እንከኗ ከጠቅላላው ጋር ስትነጻጸር ኢምንት ናት፤ ድምፁ ዝቅ ሲል ግን እንከኗ ባለችበት ትቀራለች፣ ሙዚቃው ግን ያንሳል። አምራቾች መዛባትን የሚለኩት በሙሉ ኃይል ስለነበረ፣ በወረቀት ያማረው መሣሪያ በዝግታ የሚዘመረውን ክፍል ይሻክርበት ነበር። በቤት ውስጥ አብዛኛው ማዳመጥ የሚካሄደው ደግሞ በ1 ዋት አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ገዢ የሚጠይቀው የመጀመሪያው ጥያቄ «መዛባቱ በዝቅተኛ ኃይል ስንት ነው?» የሚል ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛው ክርክር የዋት ነው። በ1954 ኤድጋር ቪልቸር ኤአር-1 የተባለውን ስፒከር ይዞ ብቅ አለ። የታሸገችው አነስተኛ ሣጥን ጥልቅ የሆነውን የቤዝ ድምፅ አሰማች፤ በአንጻሩ ከቀደሙት ትላልቅ ስፒከሮች የበለጠ ኃይል ትጠይቅ ነበር። ከ1958 ጀምሮ የስቴሪዮ ሸክላዎች ሲስፋፉ አድማጩ የሚያስፈልገው ስፒከርም አምፕሊፋየርም እጥፍ ሆነ። ኃይል መሸጫ ሆነና ማስታወቂያዎች «የቅጽበት ጫፍ ኃይል»፣ «የሙዚቃ ኃይል» በሚሉ ስሞች ተሞሉ፤ አንዱ መሣሪያ እንደ አለካኩ ብዙ ዓይነት ዋት ኖረው። ይህን ለማረም የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ1974 ደንብ አወጣ። ኃይል ያስታወቀ ሻጭ ያለማቋረጥ የሚሰጠውን አማካይ ኃይል፣ በስንት ኦም፣ ከየትኛው ሄርዝ እስከ የትኛው ሄርዝ፣ በምን ያህል መዛባት እንደተለካ አብሮ እንዲገልጽ ግዴታ ሆነ። መሣሪያውም ከመለካቱ በፊት በአንድ ሦስተኛ ኃይሉ ለአንድ ሰዓት እንዲሠራ ታዘዘ።

ደንቡ ሁኔታዎቹ እንዲገለጹ አስገደደ እንጂ ሁኔታዎቹ ምን እንዲሆኑ ለሻጩ ትቶለት ነበር። በ8 ኦም የተለካ ዋትና በ4 ኦም የተለካ ዋት፣ በ1,000 ሄርዝ ብቻና ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ የተለካ ዋት በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ኮሚሽኑ ራሱ በ2024 ደንቡን ሲያሻሽል መለኪያው 8 ኦም፣ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ፣ መዛባቱም ከ1 ከመቶ በታች እንዲሆን ወሰነ። ዛሬ በገበያ ላይ ያለው ወረቀት ሁሉ ግን በዚህ ደንብ የተጻፈ አይደለም። ስለዚህ ብቻውን የቆመ ዋት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ዋትን ስናነብም እጥፍ ኃይል የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ መሆኑን እናስታውስ፤ ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን በግምት 10 እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ባለ 100 ዋቱን ትቶ ለባለ 120 ዋቱ ብዙ ገንዘብ የሚጨምር ሰው ጆሮው የማይለየውን ይገዛል። ለተመሳሳይ ኃይል በ6 ዴሲቤል ከፍ ያለ ድምፅ የሚሰጥ ስፒከር የመረጠ ሰው ግን አምፕሊፋየሩን በአራት እጥፍ ያሳደገ ያህል ያተርፋል።

ሦስተኛው ክርክር ራሱን ግብረ መልስን ይመለከታል። ፊንላንዳዊው ማቲ ኦታላ በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አምፕሊፋየሩ ዘገምተኛ ከሆነ ድንገተኛ ምልክት ሲመጣ እርማቱ ዘግይቶ እንደሚደርስና መሣሪያው ለቅጽበት እንደሚጨናነቅ አስረዳ። አንድ ወጥ ቃና በማሰማት የሚደረገው የተለመደ መለኪያ ይህን አያሳይም ነበር። ጉዳዩ መሐንዲሶችን ለዓመታት አከራከረ፤ በመጨረሻም አምፕሊፋየሩ በቂ ፍጥነት ካለው ችግሩን ማስቀረት እንደሚቻል ተገለጠ። በአንዳንድ ወረቀቶች ላይ «ቮልት በማይክሮሰከንድ» የሚል መስመር ብታዩ ያንን ክርክር እያያችሁ ነው።

በመጨረሻ የጆሮ ምስክርነት ይቀራል። በ1985 ቦብ ካርቨር ከአንድ መጽሔት አዘጋጆች ጋር ተወራርዶ፣ የራሱን ርካሽ ባለትራንዚስተር አምፕሊፋየር የእነርሱን ውድ አምፕሊፋየር እንዲመስል አደረገው፤ አዘጋጆቹም በማዳመጥ ሊለዩት አልቻሉም። በ1987 ስቴሪዮ ሪቪው ዋጋቸው እጅግ የተራራቁ አምፕሊፋየሮችን፣ የትኛው እየተሰማ እንደሆነ ለአድማጮች ሳይነገር ሲያነጻጽር፣ አድማጮቹ በአስተማማኝ ሁኔታ አልለዩአቸውም። ከዚህ ሁሉም አምፕሊፋየር አንድ ነው ወደሚል ድምዳሜ መሮጥ አይገባም። አብዛኞቹ ባለቲዩብ መሣሪያዎች በመውጫቸው ያለው ኢምፔዳንስ ከፍ ያለ በመሆኑ ድምፃቸው ከስፒከሩ ጠባይ ጋር ይለዋወጣል። ኢምፔዳንሱ ወደ 3 ወይም 2 ኦም የሚወርድ ስፒከርም በቂ የኃይል ምንጭ የሌለውን አምፕሊፋየር ያስጨንቀዋል። ሙከራዎቹ የሚያስተምሩን በሱቅ ውስጥ የሚደረግ ማዳመጥ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ ነው። ከሁለት መሣሪያዎች አንዱ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ከተሰማ፣ ጆሮ ያንን «ይበልጥ ጥርት ያለ» ብሎ ይፈርዳል። ድምፃቸው በመለኪያ ሳይስተካከልና ስማቸው ሳይሸፈን የተሰጠ ምስክርነት፣ ምስክሩ ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ደካማ ምስክርነት ነው።

ከእነዚህ ክርክሮች የምንወርሳቸው ጥያቄዎች አጭር ናቸው፦ ዋቱ በስንት ኦም፣ በየትኛው የሄርዝ ስፋት፣ ስንት ቻናል በአንድነት እየሠራ ተለካ? መዛባቱ በዝቅተኛ ኃይልና በከፍተኛ ሄርዝ ስንት ነው? የእኔ ስፒከር ኢምፔዳንስ እስከ ስንት ይወርዳል? ለእኛ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጨመራል። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው አምፕሊፋየር ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርዝ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ሄርዙን አይለውጥም፤ ለ60 ሄርዝ ብቻ የታሰበ መሣሪያም በ50 ሄርዝ ከመጠን በላይ ሊሞቅ ይችላል። ከመሣሪያው ጀርባ የተለጠፈችውን ጽሑፍ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ማንበብ ያስፈልጋል።

ተማሪዎቼ፣ በመዝገብ ቤት የተማራችሁትን ጥርጣሬ ከመዝገብ ቤቱ በር ውጭም ይዛችሁት ውጡ። የግብር መዝገብ ስታነብቡ «ማን፣ ለምን፣ በምን መስፈሪያ ቆጠረ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ ሁሉ፣ ሻጭ የሚሰጣችሁንም ወረቀት እንዲሁ ጠይቁት።