የእድር ጥሩምባ

በአዲስ አበባ የሰፈር ትልቁ ዜና ከጋዜጣም ከሬዲዮም ቀድሞ የሚሰማው በጥሩምባ ነበር። ጎሕ ሳይቀድ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በየመንገዱ ማዕዘን እየቆመ ይነፋል፤ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሚፈጸም ይለፍፋል። ማስታወቂያው አጭር ነው። የሰማው ሰው ግን ተመልሶ አይተኛም፤ ድንኳን ይተክላል፣ አግዳሚ ወንበር ይሸከማል። ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ። ከቀብር የቀረ በመዝገብ ይያዛል፤ በደንቡ መሠረትም ይቀጣል። የእድር ዜና ከሌላ ወሬ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ ሰሚውን ከቤቱ ያስወጣዋል።

በከተማ የሚታወቀውን እድር ብዙ ጸሐፊዎች በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ወደ አዲስ አበባ ከገቡ የጉራጌ ተወላጆች ጋር ያያይዙታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአገር ቤት የሚቀብር ዘመድ አይጠፋም። ከተማ የገባ ሰው ግን ጎረቤቱ ባዳ ነው፤ ሞት ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ስለዚህ በየወሩ ትንሽ ገንዘብ እያዋጡ፣ ዳኛና ጸሐፊ እየመረጡ ዘመድ የሚሆናቸውን ማኅበር አቆሙ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ከተማዋ ስትሰፋ እድርም አብሮ ተስፋፋ። በሥራ ቦታና በትውልድ አካባቢ የተመሠረቱ እድሮች ቢኖሩም፣ የሰፈር እድር በቋንቋና በሃይማኖት የማይመሳሰሉትን በአንድ መዝገብ አሰፈረ። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ አንዳንዶቹ ከቀብር አልፈው የሰፈር መንገድ ወደ ማሠራት ገብተው ነበር።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም አቋቋመ። ቀበሌ መጣ። ስብሰባ የሚጠራው፣ መታወቂያ የሚሰጠው፣ የቀበሌ ሱቅ የሚያቆመው እሱ ሆነ። እድር ወደ ቀብሩ ተመለሰ። በስብሰባ የቀረ በሁለቱም ዘንድ ይጠየቃል፤ ልዩነቱ ያለው በፍርሃቱ ላይ ነው። የእድርተኛው ፍርሃት ነገ ለእኔ ማን ይመጣል የሚል ሲሆን፣ የቀበሌው ነዋሪ የሚፈራው ሌላ ነገር ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ልጃቸው የተገደለባቸው ወላጆች ለቅሶ እንዳይቀመጡ ተከለከሉ። እድሩ ድንኳኑን ይዞ፣ መርዶውን እያወቀ፣ ዝም ለማለት ተገደደ። ሰፈሩ እንዲህ ያለ ዝምታ አያውቅም ነበር።

ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኤችአይቪ ጥሩምባውን ዕረፍት ነሳው። ወጣቶች በላይ በላዩ ሲሞቱ የእድሮች ካዝና ተመናመነ። ያኔ አንዳንድ እድሮች ሕመምተኛውን በሕይወት ሳለ መርዳት፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀመሩ። ለሞት የተዋጣ ገንዘብ ለኑሮ እንዲውል ደንብ ማሻሻል ቀላል ክርክር አልነበረም።

አሁን ፈተናው የሰፈሩ መፍረስ ነው። አሮጌ መንደሮች ሲነሡ ነዋሪው ከከተማዋ ዳር ወደሚገኙ ኮንዶሚኒየሞች ይበተናል። ቤቱን የተነጠቀ ምትክ ቤት ሊያገኝ ይችላል፤ እድር ግን ምትክ አይሰጥበትም። አንዳንዶች ለዚህ ሲሉ በሁለት ታክሲ ተሳፍረው ወደ ድሮ እድራቸው ይመላለሳሉ።

በባሕር ማዶም ኢትዮጵያውያን በደረሱባቸው ብዙ ከተሞች እድር ይመሠረታል፤ አስከሬን አገር ቤት መላክ ብቻውን ከባድ ወጪ ነውና። ጥሩምባው በስልክ መልእክት ተተክቷል። መልእክቱ ከጥሩምባው ይፈጥናል፣ ርቆም ይሰማል። አንብቦ ኮቱን የሚያነሣ ሰው እስካለ ድረስ ያ የስልክ መልእክት እድር ነው፤ ያ ሰው ከሌለ ግን ወሬ ብቻ ይሆናል።