ከመዝገብ የቀረው ውሻ፦ መዥገርና የእንስሳት ጤና ታሪክ በወላይታ



የዛሬውን ንግግሬን በራሴ ጥፋት እጀምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እዚሁ ሶዶ፣ የግቢዬ ውሻ ጆሮውና የእግሮቹ ጣቶች መካከል በመዥገር ተወርሮ ነበር። ከአንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ለከብት የተዘጋጀ ዲያዚኖን ገዛሁ። ለውሻ ይሆን እንደሆነ ብጠይቅ፣ ሻጩ «ለበሬ የሆነ ለውሻ ምን ይከለክለዋል?» አለኝ። በግምት በጥብጬ አጠብሁት። ብዙም ሳይቆይ ለሃጩ ይዝረበረብ፣ ሰውነቱም ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሐኪሙ ገላውን በሳሙና ደጋግሞ አጥቦ፣ አትሮፒን ወግቶ አተረፈው። በማግሥቱ የጠርሙሱን ጽሑፍ አነበብሁ፤ ለቀንድ ከብት፣ ለበግና ለፍየል የሚሆነው መጠን ሰፍሯል፤ የውሻ ግን የለም። ያ ባዶ ቦታ የታሪክ ጥያቄ ሆነብኝ።

መልሱ የሚጀምረው ከብት ከያዘው ስፍራ ነው። በወላይታ ደጋ እንሰት ያለ ፍግ አይለመልምም፤ ስለዚህ ላም የወተት ብቻ ሳትሆን የጓሮው ለምነት ምንጭ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 «ክፉ ቀን» በተባለው ዘመን የከብት ደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት ፈጀ፤ ረኃብም ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1894 የአፄ ምኒልክ ጦር የንጉሥ ጦናን ግዛት ሲይዝ፣ አብሮ የተጓዘው ቫንደርሄይም ስለ ተማረኩት ሰዎችና ስለ ተነዱት ከብቶች ጽፎ አልፏል። እንግዲህ ከብት በጽሑፍ ምንጮቻችን ውስጥ የሚቆጠር ሀብት ነው፤ ሲያልቅም ሲዘረፍም ይመዘገባል። በወላይትኛ «ካና» የሚባለው የደጃፍ ጠባቂ ግን ቆጣሪ አልነበረውም።

ይህ የሆነው ዓለም ስለ ውሻ መዥገር ባለማወቁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1893 ስሚዝና ኪልቦርን የተባሉ አሜሪካውያን መዥገር የከብት ትኩሳት እንደሚያስተላልፍ አረጋገጡ። ከስምንት ዓመት በኋላም ላውንስበሪ በደቡብ አፍሪካ ውሾችን የሚያጠቃ ገዳይ በሽታ በመዥገር እንደሚተላለፍ አሳየ። ልዩነቱ የመጣው ከዓላማ ነው።

በወላይታ እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋመው፣ በተለምዶ «ዋዱ» የምንለው የእርሻ ልማት ድርጅት የገበሬውን ምርት ማሳደግ ተልእኮው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ፔግራም፣ ሁግስትራልና ዋሴፍ ያሳተሙት የኢትዮጵያ መዥገሮች ጥናትም በርእሱ ላይ ትኩረቱ የቤት ከብትን የሚያጠቁ ዝርያዎች መሆናቸውን ይናገራል። አልወቅሳቸውም፤ የሰው ሕይወት በከብት ላይ በተንጠለጠለበት አገር ገንዘብና ባለሙያ ወደዚያ መሄዱ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ውሻ በመንግሥት ዐይን የገባው በሌላ በር፣ ማለትም በእብደት በሽታ ነው። በአገራችን ከተሞች ባለቤት የሌለው ውሻ ሲታሰብ ይቀድም የነበረው መርዝ እንጂ ሕክምና አልነበረም።

ከዚህ የተነሣ የውሻ መዥገር ጉዳይ ለቤተሰብ ተተወ። አንዱ በጣቱ ይነቅላል፤ ሌላው ላምባ ይቀባል፤ እንደ እኔ ያለው ደግሞ የበሬን መድኃኒት ይዋሳል። ስሕተቱ ግን በመጠን ላይ ብቻ አይደለም። ከብትን ከሚያጠቁት መዥገሮች አንዱ፣ ሰማያዊው መዥገር፣ ከእጭነት እስከ ጉልምስና በአንድ ከብት ገላ ላይ ይኖራል፤ ስለዚህ ከብቱን መርጨት መዥገሩን ማግኘት ነው። ቡናማው የውሻ መዥገር ግን በሦስቱም የዕድገት ደረጃዎቹ ደም መጥጦ ከውሻው ላይ ይወርዳል፤ በግድግዳ ስንጥቅና በማደሪያው ይሸሸጋል። አንዲት እንስት ብቻ ከሺህ በላይ እንቁላል ትጥላለች። ውሻውን አጥቦ ማደሪያውን የተወ ሰው የችግሩን ግማሽ እንኳ አልነካም። እኛ ከከብት የተዋስነው መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን፣ ለሌላ እንስሳና ለሌላ መዥገር የታሰበውን ዘዴ ጭምር ነው።

የላምባው ልማድ ቆዳ ያቃጥላል፤ መዥገርን በጣት መጨፍለቅም በሽታን ወደ ሰው እጅ ሊያመጣ ይችላል። በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዞ ቀጥ አድርጎ መንቀል፣ ማደሪያውን ማጽዳት፣ ስንጥቁን መምረግ፣ ለውሻ የተዘጋጀ መድኃኒትንም በክብደቱ መጠን በሐኪም ትእዛዝ መጠቀም ይሻላል።

ውድ ተማሪዎች፤ በወላይታ መንደሮች መዥገር ሲነቅሉ ያደጉ እናቶችና አባቶች ዛሬም አሉ። የየትኛው ወቅት መዥገር እንደሚበዛ፣ ውሻው ሲታመም ምን ይደረግ እንደ ነበር ጠይቋቸው፤ ጻፉትም። የጠርሙሱ ባዶ ቦታ የሚሞላው እንስሳውን ቀድሞ በቆጠረ ሰው ነው። የእኔ ውሻ ዛሬ ደኅና ነው፤ ከሕክምናው በኋላ በእንስሳት ክሊኒኩ መዝገብ ላይ «ውሻ፣ አንድ» ተብሎ ተጽፏል።