ኢሶላንግ ምንድን ነው? ሆን ተብለው እንዲያስቸግሩ ስለተሠሩ የኮድ ቋንቋዎች

ኮድ መማር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «የትኛው ቋንቋ ይቀላል?» ዛሬ ይዘንላችሁ የመጣነው ግን በተቃራኒው መንገድ ስለሄዱ ሰዎች ነው። እነዚህ ሰዎች በትርፍ ሰዓታቸው ቁጭ ብለው ማንም ደመወዝ የማይከፍልበት፣ አንዳንዴም ሆን ተብሎ ሰውን እንዲያማርር የታሰበ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይፈጥራሉ። ከዚያ ይለዋወጡታል፣ ይፎካከሩበታል፣ ይሳሳቁበታል።

እንዲህ ዓይነቶቹ ቋንቋዎች በጥቅሉ «ኢሶቴሪክ» ይባላሉ፤ ሲያጥር «ኢሶላንግ»። ለጥቂት ሰዎች ብቻ የሚገባ፣ ከተለመደው ወጣ ያለ ቋንቋ እንደማለት ነው።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ብዙውም ቀልድ ነው። ግን አንድ ቁም ነገር በደንብ ያሳያል፦ በኮድ ዓለም «ሕግ» የሚመስለን አብዛኛው ነገር አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የወሰነው ነው። «እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ኮድ ለእኔ አይሆንም» ብላችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ይሄ ጽሑፍ እናንተን ይመለከታል።

(ከታች ያሉት ዓመተ ምህረቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

📌 «እባክህ» ካላላችሁት የማይሠራው

በዘርፉ የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው ኢንተርካል ነው። በ1972 ዶን ውድስ እና ጄምስ ላየን የተባሉ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዘመኑ በነበሩት ቋንቋዎች ለማላገጥ ሠሩት። ከስሙ ጀምሮ ፌዝ ነው፦ ሙሉ ስሙ «ሊጠራ የሚችል ምህጻረ ቃል የሌለው የኮምፓይለር ቋንቋ» እንደማለት ነው። ኮምፓይለር ማለት የጻፍነውን ኮድ ማሽኑ ወደሚያስኬደው መልክ የሚቀይር ፕሮግራም ነው።

የኢንተርካል ዋናው ጉድ ትሕትና ይጠይቃል። ከትዕዛዞቹ መካከል በአንዳንዶቹ ፊት «እባክህ» የሚል ቃል መግባት አለበት። ቃሉ በጣም ካነሰ ኮምፓይለሩ «ባለጌ ነህ» ብሎ ይመልሳችኋል። በጣም ከበዛ ደግሞ «አሽቃባጭ ነህ» ብሎ ይመልሳችኋል። የሚገርመው ይሄ ነገር በመጀመሪያው መመሪያ ላይ አልተጻፈም ነበር። ተጠቃሚው ራሱ ተቸግሮ ይድረስበት ነው።

📌 8 ምልክት ብቻ

ከኢሶላንጎች ሁሉ ዝነኛው በ1993 ስዊዘርላንዳዊው ኡርባን ሙለር የሠራው ነው። ስሙ ውስጥ ጸያፍ የእንግሊዝኛ ቃል ስላለ ብዙ ሰው «ቢኤፍ» እያለ ያሳጥረዋል፤ እኛም እንደዚያው እናድርግ።

ሙለር አሚጋ በሚባለው ኮምፒውተር ላይ ነበር የሚሠራው። ፋልስ የሚባል ሌላ ኢሶላንግ 1024 ባይት ብቻ የሚመዝን ኮምፓይለር እንዳለው አየና «ከዚህ ማሳነስ ይቻላል» አለ። የመጀመሪያ ሥራው 296 ባይት ሆነ፤ ቀጥሎ ወደ 240 አወረደው። ለማነጻጸር ያህል፣ ዛሬ ስልካችን ላይ አንድ የግዕዝ ፊደል ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ የሙለር ኮምፓይለር በሙሉ የ80 የአማርኛ ፊደላትን ቦታ ነው የሚይዘው። አጭር ቴክስት ማለት ነው!

አሠራሩ ይሄን ይመስላል። በተርታ የተደረደሩ ብዙ ሳጥኖችን አስቡ። መጀመሪያ ሁሉም ውስጥ ያለው 0 ነው፤ እያንዳንዱ ሳጥን ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ይይዛል። ትዕዛዞቹ እነዚህ ናቸው፦

> ወደ ቀጣዩ ሳጥን እለፍ
< ወደ ኋላው ሳጥን ተመለስ
+ ሳጥኑ ላይ 1 ጨምር
- ከሳጥኑ 1 ቀንስ
. ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ወደ ስክሪን አውጣ
, ከተጠቃሚው አንድ ባይት ተቀበል
[ ሳጥኑ 0 ከሆነ ከ ] በኋላ ወዳለው ዝለል
] ሳጥኑ 0 ካልሆነ ወደ [ ተመለስ

በቃ፣ ይሄው ነው። ከእነዚህ ውጪ ያለ ማንኛውም ምልክት እንደ ማስታወሻ ተቆጥሮ ይታለፋል። ስለዚህ በኮዱ መሀል በአማርኛ ማብራሪያ መጻፍ ይቻላል፤ «።» እና «፣» ለቢኤፍ ምንም ማለት አይደሉም። የእንግሊዝኛውን ነጥብና ኮማ ካስገባችሁ ግን ትዕዛዝ ናቸውና ጉድ ይፈላል።

📌 እስቲ «ሀ»ን እናስጽፈው

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የእኛ «ሀ» ቁጥሯ 4608 ነው። ይሄ ቁጥር ከ255 ስለሚበልጥ በአንድ ሳጥን አይገባም። ዩቲኤፍ-8 የሚባለው አጻጻፍ ታዲያ «ሀ»ን በ3 ባይት ይከፋፍላታል፦ 225፣ 136 እና 128። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በተራ ካወጣን ስክሪኑ ላይ «ሀ» ትመጣለች ማለት ነው።

ኮዱ ይኸውና፦

++++++++++++++++[>++++++++++++++>++++++++<<-]>+.>++++++++.--------.

(የመጨረሻዋ ነጥብም የኮዱ አካል ናት፤ ኮፒ ስታደርጉ እንዳትረሷት።)

ምን እየሆነ ነው? መጀመሪያው ሳጥን ላይ 16 አስቀመጥን። ቅንፉ ውስጥ ያለው ሥራ ስለዚህ 16 ጊዜ ይደጋገማል። በእያንዳንዱ ዙር ሁለተኛው ሳጥን 14፣ ሦስተኛው ሳጥን 8 ይጨመርለታል። ሲያልቅ ሁለተኛው 16 ሲባዛ በ14፣ ማለትም 224 ይሆናል፤ ሦስተኛው ደግሞ 16 ሲባዛ በ8፣ 128። ከዚያ ሁለተኛው ላይ 1 ጨምረን 225ን አወጣን። ሦስተኛው ላይ 8 ጨምረን 136ን አወጣን። መልሰን 8 ቀንሰን 128ን አወጣን። አለቀ።

ቢኤፍን ብሮውዘር ላይ የሚያስኬዱ ነፃ ገጾች ስላሉ በስልካችሁ መሞከር ትችላላችሁ። በ«ሀ» ፈንታ የማይገናኙ ምልክቶች ከመጡ ኮዱ ተሳስቶ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ያ ገጽ ሦስቱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ሳይሆን ለየብቻ እያነበባቸው ነው። ሌላ ሞክሩ።

📌 ሌሎች ሊያመልጧችሁ የማይገቡ

ዋይትስፔስ፦ በ2003 በአፕሪል ዘ ፉል ቀን (ኤፕሪል 1) በእንግሊዝ ደርሃም ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኤድዊን ብራዲ እና ክሪስ ሞሪስ አወጡት። ኮዱ የሚጻፈው በስፔስ፣ በታብ እና በኢንተር ብቻ ነው። ፋይሉን ስትከፍቱት ባዶ ገጽ ነው የምታዩት። የሚታየውን ፊደል ሁሉ ስለሚዘል፣ የዋይትስፔስ ፕሮግራምን በሌላ ቋንቋ ኮድ ውስጥ መደበቅ ይቻላል።

ቢፈንጅ፦ ክሪስ ፕሬሲ በ1993 የሠራው ነው። ኮዱ ከላይ ወደ ታች ብቻ አይነበብም፤ ቀስቶቹን እየተከተለ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ይሄዳል። ኮዱ እየሠራ ሳለ ራሱን መቀየርም ይችላል።

ፒየት፦ የኮዱ ፋይል ሥዕል ነው። በኔዘርላንዳዊው ሠዓሊ ፒየት ሞንድሪያን የተሰየመ ሲሆን 20 ቀለሞች አሉት። ትዕዛዙ የሚታወቀው ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ሲታለፍ በሚኖረው ለውጥ ነው።

ሼፍ፦ ፒየትን የሠራው ዴቪድ ሞርጋን-ማር ነው ይሄንንም ያመጣው። ፕሮግራሙ የምግብ አሠራር ሆኖ ይጻፋል፤ ግብዓቶቹ ቁጥር ይይዛሉ፣ ሳህኖቹ መረጃ ያከማቻሉ።

ሼክስፒር፦ ኮዱ ቲያትር ይመስላል፤ ገጸ ባሕርያቱ ቁጥር መያዣ ናቸው። አንዱ ሌላውን ሲያሞግሰው ቁጥሩ ወደ ፖዘቲቭ፣ ሲሰድበው ወደ ኔጋቲቭ ይሄዳል። ቅጽል በተጨመረ ቁጥር እጥፍ ይሆናል።

ሰምና ወርቅ እየሰማ ላደገ ሰው ይሄ አዲስ አይደለም። ላይ ላዩን ወጥ አሠራር ነው፤ ውስጡ ሲፈተሽ ሒሳብ ይሠራል።

ማልቦልጅ፦ ይሄኛው የጭካኔው ጫፍ ነው። ቤን ኦልምስቴድ በ1998 ሲሠራው ዓላማው ሰው ሊጽፍበት የማይችል ቋንቋ መፍጠር ነበር። ስሙንም ከዳንቴ ሲኦል ስምንተኛ ክበብ ነው የወሰደው። እያንዳንዱ ትዕዛዝ ከተሠራበት በኋላ ይቀየራል። የመጀመሪያው የሚሠራ ፕሮግራም የተገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሆን፣ እሱንም ሰው በእጁ አልጻፈውም፤ አንድሩ ኩክ የተባለ ፕሮግራመር በጻፈው የፍለጋ ፕሮግራም አማካኝነት ኮምፒውተር ፈልጎ አገኘው።

📌 ለምን ይደክማሉ?

አንዱ ምክንያት ጨዋታ ነው፤ ቼዝ ወይም ሱዶኩ እንደመጫወት። ሁለተኛው ግን ከበድ ይላል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ በ1936 ባወጣው ጽሑፉ፣ ማስላት የሚባለው ነገር በጣም ጥቂት በሆኑ ቀላል እርምጃዎች ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል። ቢኤፍ የዚህ ሕያው ምሳሌ ነው። በቂ ሳጥንና ጊዜ ከተሰጠው፣ በእነዚያ 8 ምልክቶች ፓይተን የሚያሰላውን ሁሉ ማስላት ይችላል። ፍጥነቱና ምቾቱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ይሄ ማለት ቅንፉ፣ ቃላቱ፣ እንግሊዝኛው፣ ከላይ ወደ ታች መነበቡ፣ ሁሉም ለሰው ምቾት የተመረጡ ናቸው እንጂ ማሽኑ የጠየቃቸው አይደሉም። ማሽኑ እንግሊዝኛ አያውቅም።

📌 ለየትኛው ሰው ምቾት?

ራምዚ ናስር የተባለ ሊባኖሳዊ ፕሮግራመር ይሄን ጥያቄ አንስቶ በ2010ዎቹ መጀመሪያ «ቀልብ» የሚባል ሙሉ በሙሉ በአረብኛ የሚጻፍ ቋንቋ ሠራ። ቃሉ በአረብኛ «ልብ» ማለት ነው። ቋንቋው ይሠራል፤ ዙሪያውን ያሉት መሣሪያዎች ግን አስቸገሩ። ኮድ መጻፊያዎቹና ማሳያዎቹ የተሠሩት በላቲን ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ለሚጽፍ ሰው ነበር። በ2019 ደግሞ ሊንግዶንግ ሁዋንግ የተባለ ወጣት በጥንታዊ ቻይንኛ የሚጻፍ ዌንያን የሚባል ቋንቋ አወጣ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ በሩ ክፍት ነው። ዛሬ ፓይተን 3 ላይ ይሄን ብትጽፉ ያለ ምንም ችግር ይቀበለዋል፦

ዋጋ = 120
ብዛት = 3
ድምር = ዋጋ * ብዛት

ትዕዛዞቹ እንግሊዝኛ ሆነው ይቀጥላሉ፤ የራሳችሁን ስያሜዎች ግን በአማርኛ ማድረግ ትችላላችሁ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፦ ለእኛ ጆሮ «ሰላም» እና «ሠላም» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ እያቀላቀሉ መጻፍ ኮድ ላይ ስህተት ያመጣል።

ሙሉ የአማርኛ ኢሶላንግ ልሥራ የሚል ሰው ደግሞ ደስ የሚሉ ፈተናዎች ይጠብቁታል፦

👉 በእንግሊዝኛው አሠራር የ«ከሆነ» ቃል መጀመሪያ ይመጣል። በአማርኛ ግን «ዕድሜ ከ18 ከበለጠ» ስንል ቁልፉ ያለው መጨረሻው ግስ ላይ ነው። ኮምፓይለሩ ይሄን እንዴት ያንብበው?
👉 የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። ብዙ የኮድ ቋንቋዎች ደግሞ መቁጠር የሚጀምሩት ከዜሮ ነው።
👉 ኮምፒውተሩን «አሳይ» እንበለው፣ «አሳዪ» ወይስ «ያሳዩ»? የኢንተርካል ትሕትና በአማርኛ ቢሠራ ምን ሊመስል እንደሚችል አስቡት።

እውነቱን ለመናገር፣ ሥራ ለማግኘት ፓይተን ወይም ጃቫስክሪፕት መማሩ አይቀርም፤ አብዛኛው ማብራሪያም በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንግሊዝኛ ማሻሻሉ ይጠቅማል። ኢሶላንግ ያንን አይተካም። ግን እንግሊዝኛ አለመቻልና ማሰብ አለመቻል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከላይ ያለውን የ«ሀ» ኮድ ተከትላችሁ የገባችሁ ከሆነ፣ መደጋገም፣ ሚሞሪ እና የፊደል አጻጻፍ የሚባሉትን ሦስት ትልልቅ የኮድ ሐሳቦች አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳታዩ ተረድታችኋል።

የቤት ሥራ እንስጣችሁ፦ «ሁ» 225፣ 136 እና 129 ናት። የ«ሀ»ን ኮድ ለ«ሁ» ለመቀየር አንድ ምልክት ብቻ ማጥፋት ይበቃል። የትኛዋን? መልሱን ኮመንት ላይ አስቀምጡ። እግረ መንገዳችሁንም ኮምፒውተርን በአማርኛ ብታዙት አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ እንደምትሉት ንገሩን። ኮድ ለመማር ለሚፈራ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።