ሁለት ዓይን፣ አንድ ዓይን

ባለፈው ዕረፍት ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር የገጠር ቤተ ክርስቲያን ገብተን የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕል ስናይ፣ «ደኅና ነው፤ ግን ጥላ የለው፣ ርቀት የለው፤ የልጅ ሥዕል እኮ ነው!» አለኝ። ያን ዕለት መልስ አጣሁ። ይህች ጽሑፍ የዘገየች መልስ ናት። (ዘመኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሥዕል ከምን ይሠራል? ከመስመር፣ ከቅርጽ፣ ከቀለም፣ ከብርሃንና ከጥላ፣ ከቦታ አደላደል። የትም አገር ያለ ሠዓሊ መሣሪያው ይኸው ነው፤ የሚለያየው የትኛውን እንደሚያስቀድም ነው። የእኛ የጥንት ሠዓሊ መስመርን አስቀደመ። ለምን ቢባል ሥዕሉ የሚነበብ ነበርና። ጻድቁን ፊት ለፊት፣ ከነሁለት ዓይኑ ይሥለዋል፤ ይሁዳን ወይም ሰይጣንን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ማን ማን እንደሆነ ከሩቅ ይለያል። እንግዲህ አንዲት የፊት መስመር ስንት ነገር እንደምትናገር ልብ በሉ።

«ጥላን ስላላወቁ ነው» የሚል ይኖራል። ታሪኩ ግን እንዲያ አይልም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) ፍሬ ጽዮን የተባለው ሠዓሊ እመቤታችንን በቀጭን መስመር ሣላት፤ ሥዕሉም በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ሠዓሊዎች የልብስን እጥፋት በትይዩ መስመሮች፣ በደማቅ ቀለም ሠሩ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ጊዜ፣ ጥላ ገባ፤ ጉንጭና አንገት ድቡልቡል ሆነ፣ የጀርባው ቀለም ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይለወጥ ጀመር። ታዲያ ጥላን ከያዙ በኋላ አንድ ዓይንና ሁለት ዓይንን ተዉት? አልተዉትም። ያወቁትን ወሰዱ፣ የሚያስፈልጋቸውን አቆዩ። ይህ ምርጫ እንጂ አለማወቅ አይደለም።

በ1963 ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ትምህርቱ ተመልሶ በአዲስ አበባ ረቂቅ ሥዕሎቹን ሲያሳይ ብዙ ተመልካች ግራ ተጋባ። «ይሄ የምን ሥዕል ነው?» ማለት መጣ። አባቱ አለቃ ደስታ ግን ብራና ላይ የሚሥሉ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ቀለምና ቅርጽ ፎቶግራፍ ሳይሆኑ እንደሚናገሩ ልጁ ከቤቱ ሳያይ አልቀረም። የጓደኛዬ ስሕተትና የዚያ ተመልካች ስሕተት አንድ ነው፤ ሁለቱም ሥዕልን እንደ መስኮት ብቻ ያዩታል።

ነገሩ የጨዋታ ክርክር ቢሆን ባልጻፍኩ። በዚያው ቤተ ክርስቲያን ሥዕሉ የተሣለበት የጥጥ ጨርቅ በአንድ ጥግ ተልጦ ወርዷል። በቦታው በማተሚያ ቤት የታተመ፣ ጥላውም ርቀቱም የተሟላ ወረቀት ተለጥፏል። ከወረቀቱ ሥር ግማሽ ፊት ይታያል። አንድ ዓይን ብቻ ስለቀረው፣ ጻድቅ ይሁን ኃጢአተኛ መለየት አልቻልንም።