ከሊማሊሞ በላይና በታች

የልጆችን አልትራሳውንድ የሚያነብ ፕሮግራም ውስጥ «ኖርማል» ማለት አንድ መስመር ኮድ ነው፦ ጣፊያው ከዚህ ቁጥር ከበለጠ «አብጧል» በል። እኔ ኮድ ጸሐፊ ስለሆንኩ መጀመሪያ የምጠይቀው ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ነው።

አንዱ ምንጭ በ1998 የታተመ የቱርክ ጥናት ነው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የ307 ጤነኛ ልጆች ጉበት፣ ጣፊያና ኩላሊት በአልትራሳውንድ ተለካ። የአካላቱ ርዝመት ከሁሉ ይበልጥ አብሮ የሚሄደው ከልጁ ቁመት ጋር ሆኖ ተገኘ። ጥሩ ሥራ ነው። ታዲያ የእኛ ልጆች ቁመትስ?

እሱ ተለክቷል፤ ያውም ሰሜን ተራሮች ሥር። በ1960ዎቹ በኦክስፎርዱ ጄፍሪ ሃሪሰን የተመራ የእንግሊዝ ቡድን ሁለት ቦታ መረጠ፦ ደባርቅን፣ 3,000 ሜትር አካባቢ፣ እና አዲ አርቃይን፣ 1,500 ሜትር አካባቢ። መሃላቸው የሊማሊሞ ጥምዝምዝ መንገድ አለ። ሕዝቡ አንድ፣ ቋንቋው አንድ፤ የሚለየው ከፍታው ነው። ለተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይገኛል?

የአዋቂዎቹ ውጤት በ1969 ወጣ። የልጆቹን ደግሞ ክሌግና ባልደረቦቹ በ1972 አሳተሙ። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የደጋ ልጆች አጠር ብለው ስለተገኙ፣ እዚህም ያው ይሆናል ብሎ መገመት ይቻል ነበር። ግን የደባርቅ ልጆች ከቆላዎቹ በቁመትም በክብደትም በልጠው ተገኙ። ከቀረቡት ምክንያቶች ዋናው የቆላው በሽታ ነው፤ በተለይ ወባ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ወባ ጣፊያን ያሳብጣል። ሃኬት የተባለ ሐኪም በ1944 ጣፊያን በእጅ እየዳሰሱ ከ0 እስከ 5 የሚመድቡበትን ዘዴ ያወጣው፣ የልጆች ሆድ የመንደሩን ወባ ስለሚናገር ነው። ወባ ባለበት ቆላ ያገኘነውን ልጅ ሁሉ ለክተን አማካይ ብናወጣ፣ በሽታውን «ኖርማል» ብለን መዘገብን ማለት ነው። ደጋውን ብቻ ብንለካስ? ከፍታው ራሱ ጥያቄ ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ያወጣው የልጆች እድገት መለኪያ ይህን ጥያቄ የፈታው ገና ከመነሻው በመተው ነው። ብራዚል፣ ጋና፣ ሕንድ፣ ኖርዌይ፣ ኦማንና አሜሪካ ተመረጡ፤ አንዱ መስፈርት ከ1,500 ሜትር በታች መሆን ነበር። ምክንያቱ ይገባኛል፤ እኔም ብሆን እንደዛ ነበር የማደርገው። ግን በዚህ መስፈርት ደባርቅም ዳባትም መግባት አይችሉም ነበር።

ዳባት ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ ልደትና ሞት ይመዘግባል። የልጆቹ ስምና የልደት ቀን መዝገቡ ላይ አለ። የጣፊያቸው ርዝመት የሚጻፍበት አንድ ዓምድ መጨመር ለእኔ ዓይነቱ ሰው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ የሚከብደው አልትራሳውንዱን ተሸክሞ በየቀበሌው መዞሩ ነው።